ስለ እርሻ መለኪያ መሣሪያ ጥልቅ እንቅልፍ፤ ባትሪው ያለ ጊዜው ሲያልቅ ምክንያቱ ተመርምሮ ስለሚገኝበት መንገድ

ለዞንና ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ ለግብርና ሹማምንትና ለባለይዞታዎች የቀረበ ትምህርት

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተዘረጋው፣ ቆላ ድባ የሚገኝበት የደምቢያ ሜዳ አፈሩ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ መሬት ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከልኩ በላይ ከረጠበም በሬም ሰውም አይረግጠውም። መገጭና ድርማ የተባሉት ወንዞች ከደጋው ወርደው ይህን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ስለዚህ በዚህ አገር የእርሻን ዕድል የሚወስነው የውሃው ልክ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ፣ በፎገራና በደምቢያ፣ ውሃው ከገደቡ አልፎ ያደረሰው ጥፋት ከሰው ልብ የጠፋ አይደለም።

ዝናብን፣ የአፈርን እርጥበትና የወንዝን ከፍታ ሰው በሌለበት ስፍራ በየሰዓቱ እየለካ ያለ ሽቦ በራዲዮ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ በዚህ ዘመን ተገኝቷል። ጥቅሙ ለማንም ግልጥ ነው። ነገር ግን ይህን መሣሪያ ያቆሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያሰሙት አንድ ቅሬታ አለ፤ ይኸውም ዓመት ይቆያል የተባለው ባትሪ በሁለት ሳምንት አለቀ የሚል ነው። ይህ ችግር በበጋ ቢደርስ ሰው ልኮ ባትሪ መለወጥ ይቻላል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጭቃው መንገዱን ስለሚዘጋው፣ መሣሪያው ዝም የሚለው እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የችግሩ መነሻ ከየት እንደ ሆነና እንዴት እንደሚመረመር ከዚህ ቀጥሎ በየክፍሉ እንገልጻለን። ሹማምንት መሣሪያውን በገዛ እጃቸው እንዲጠግኑ የታሰበ አይደለም፤ ባለሙያውን በዕውቀት እንዲያዝዙና ሥራውን በዕውቀት እንዲቀበሉ ነው እንጂ።

ክፍል ፩፤ መሣሪያው ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚተኛ

መሣሪያው አራት አካል አለው። የመጀመሪያው ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው፣ የተጻፈለትን ፕሮግራም የሚፈጽም፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ክፍል ነው። በሻንጋይ የሚገኘው ኤስፕሬሲፍ የተባለው ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ኢ ኤስ ፒ 32 ከእነዚህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ራዲዮው ነው፤ ከእርሻ እስከ ጽሕፈት ቤት ለሚሆን ርቀት ሎራ የተባለው የራዲዮ ዓይነት ብዙ ጊዜ ይመረጣል፤ እንደ ደምቢያ ባለ ግልጥ ሜዳም መልእክቱ ኪሎ ሜትሮችን ሊያልፍ ይችላል። ሦስተኛው ሴንሰር የሚባለው መለኪያው ነው። አራተኛው ባትሪውና የባትሪውን ቮልት የሚያስተካክለው ሬጉሌተር ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተበይደው ወይም በሽቦ ተያይዘው በአንድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ።

መሣሪያው ነቅቶ ሲሠራ በአሥር የሚቆጠር ሚሊ አምፔር፣ መልእክት በሚልክበት ቅጽበትም ከመቶ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሁልጊዜ ነቅቶ ቢኖር ምንም ያህል ባትሪ አይበቃውም። ስለዚህ ለክቶ ከላከ በኋላ ጥልቅ እንቅልፍ ወደሚባለው ሁኔታ እንዲገባ ይታዘዛል። በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ዋናው ክፍልና አብዛኛው ማስታወሻው ኮረንቲ ይቋረጥበታል። የሚቀረው ጊዜ ቆጣሪው፣ የሚቀሰቅሰውን ምልክት የሚጠባበቀው ክፍልና ጥቂት ማስታወሻ ብቻ ነው። ኢ ኤስ ፒ 32 በዚህ ሁኔታ ብቻውን ሲለካ 10 ማይክሮ አምፔር ያህል ይበቃዋል። ማይክሮ አምፔር ማለት የሚሊ አምፔር አንድ ሺህኛ ነው።

አንባቢ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። መሣሪያው ከጥልቅ እንቅልፍ ሲነቃ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ፕሮግራሙን እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። የቆጠረውን የዝናብ ልክ በእንቅልፍ ጊዜ በማትጠፋው በዚያች ጥቂት ማስታወሻ ካላኖረ፣ በነቃ ቁጥር ከዜሮ ይነሣል። ይህን የማያውቅ ሹም፣ ወንዙ እየሞላ ሳለ፣ ዝናብ አልዘነበም የሚል ጽሑፍ በእጁ ሊይዝ ይችላል።

ክፍል ፪፤ የባትሪው ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል 2,400 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ አንድ የሊትየም ባትሪ እንውሰድ። መሣሪያው በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ለ10 ሰከንድ ይነቃል፤ በነቃ ጊዜም በአማካይ 80 ሚሊ አምፔር ይወስዳል እንበል። ይህ ለአንድ ሰዓት ሲካፈል 0.22 ሚሊ አምፔር ይሆናል። በእንቅልፉ ጊዜ መላው ሰሌዳ 20 ማይክሮ አምፔር፣ ማለት 0.02 ሚሊ አምፔር ቢወስድ፣ ድምሩ 0.24 ነው። ባትሪው በዚህ ሒሳብ ከ400 ቀን በላይ ያገለግላል። ባትሪ ሳይሠራበትም በራሱ ጥቂት ስለሚጎድል ከዚህ ላይ ይቀነሳል፤ ቢሆንም አንድ ክረምት ከነበጋው የሚያሻግር ነው።

አሁን ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ሰሌዳው በተኛበት ጊዜ የሚወስደው 8 ሚሊ አምፔር ነው እንበል። ድምሩ 8.22 ይሆናል፤ ያው ባትሪም በ12 ቀን ያልቃል። ሥራው አልበዛም፤ መልእክቱም አልጨመረም፤ የተለወጠው እንቅልፉ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ለማስተዋል ጊዜውን መቁጠር ይበቃል። መሣሪያው በቀን የሚነቃው 4 ደቂቃ ነው፤ የቀረውን 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይተኛል። ቤተሰቡ በየቀኑ ሰፍሮ የሚያወጣው እህል ጎታውን ቶሎ አያጎድለውም፤ ከሥሩ ባለች ቀዳዳ ሌትና ቀን የሚፈሰው ግን ያራቁተዋል። ስለዚህ ባትሪ ሲያልቅ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው የመልእክቱን ብዛት ከመቀነስ ወይም ትልቅ ባትሪ ከመግዛት በፊት የእንቅልፉን ኮረንቲ መለካት ይገባል። ከላይ በተነገረው በሁለተኛው መሣሪያ ባትሪው በእጥፍ ቢጨመር እንኳ የሚገኘው 24 ቀን ብቻ ነው።

ክፍል ፫፤ የእንቅልፉ ኮረንቲ እንዴት እንደሚለካ

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሁሉ የሚይዘው መልቲሜትር ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ወደ ሰሌዳው የሚሄደው ሽቦ ይፈታና መልቲሜትሩ በመካከሉ ይገባል፤ ወደ መሣሪያው የሚሄደው ኮረንቲ ሁሉ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ማለት ነው። ልኬቱ የሚደረገው በባትሪው ነው፤ ሰሌዳውን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያያይዘው ገመድ በዚያን ጊዜ መነቀል አለበት። በገመዱ በኩል ከኮምፒዩተሩ የሚገባው ኮረንቲ እውነተኛውን ቁጥር ይሸፍነዋልና።

በዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚሰናከልበት ነገር አለ። መልቲሜትሩ በማይክሮ አምፔር ደረጃ ላይ ሲሆን ኮረንቲውን የሚያግድ ሬዚስተር በውስጡ አለ። ይህ ሬዚስተር 100 ኦም ነው ብንል፣ መሣሪያው ነቅቶ 80 ሚሊ አምፔር ሲጠይቅ በመልቲሜትሩ ላይ ብቻ 8 ቮልት መዋል አለበት፤ ባትሪው ግን ሞልቶ ሳለ እንኳ ከ4.2 ቮልት አያልፍም። ስለዚህ ሰሌዳው ለመነሣት ሲሞክር ኃይል ያጣና ይወድቃል፤ እንደ ገና ይነሣል፤ እንደ ገና ይወድቃል። ባለሙያውም ደኅናውን መሣሪያ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ መሣሪያው እንዲነሣና ሥራውን እንዲፈጽም ማድረግ፣ ከተኛ በኋላ ሽቦውን አንሥቶ ቁጥሩን ማንበብ፣ ከመንቃቱ በፊትም ሽቦውን መመለስ ነው። የተነበበው ቁጥር ቀኑ፣ የመሣሪያው ቁጥርና የለኪው ስም ተጨምሮ በመዝገብ ይጻፋል።

ይህ ቁጥር በራሱ ምስክር ነው። 20 ወይም 30 ማይክሮ አምፔር ቢሆን እንቅልፉ ደኅና ነው። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ሆኖ ቢቆይ መሣሪያው ከቶ አልተኛም ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ቢሆን ማይክሮኮንትሮለሩ ተኝቷል፤ ነገር ግን በሰሌዳው ላይ ሌላ አካል ነቅቶ ኮረንቲ እያፈሰሰ ነው።

ክፍል ፬፤ የማይተኛ መሣሪያ

፩ኛ፤ ተቀባዩን ፍለጋ። መሣሪያው መልእክቱን ልኮ ደረሰኝ የሚል መልስ እስኪያገኝ እንዲጠብቅ ታዝዞ፣ የሚጠብቅበት ጊዜ ግን ሳይወሰንለት የቀረ እንደ ሆነ፣ በጽሕፈት ቤቱ ያለው ተቀባይ መብራት በጠፋበት ቀን ሁሉ ሳይተኛ ይውላል፤ ያድራልም። 80 ሚሊ አምፔር ሳያቋርጥ የሚወስድ መሣሪያ የተናገርነውን ባትሪ በ30 ሰዓት ይጨርሰዋል። ስለዚህ አንድ ቀን ተኩል መብራት መጥፋቱ ብቻ በሜዳው ያሉትን መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያጠፋ ይችላል። በፕሮግራሙ ውስጥ የመጠበቂያው ጊዜ በሰከንድ ተወስኖ እንዲጻፍ፣ ያልተላከውም ልኬት ተቀምጦ በሚቀጥለው ሰዓት እንዲላክ ማዘዝ ያስፈልጋል።

፪ኛ፤ የማያቋርጥ ቀስቃሽ። የዝናብ መለኪያው ብዙ ጊዜ በውስጡ የምትገለባበጥ ትንሽ ማንኪያ ያለችው ነው። ማንኪያዋ በተገለበጠች ቁጥር ማግኔቷ አንድ ማብሪያ ለቅጽበት ይዘጋል፤ መሣሪያውም በዚህ ምልክት ነቅቶ ይቆጥራል። ጭቃ፣ ቅጠል ወይም ጉንዳን ገብቶ ማንኪያዋ በመካከል ብትቆም፣ ማብሪያው እንደ ተዘጋ ይቀራል። መሣሪያውም ሊተኛ ሲል ወዲያው ይቀሰቀሳል። የዚህ ምልክቱ በመዝገቡ ላይ በሰማይ ሳይታይ በደቂቃ ብዙ ጊዜ የተቆጠረ ዝናብ መገኘቱ ነው። ማንኪያዋ ትጸዳለች፤ ፕሮግራሙም ማብሪያው ተዘግቶ ከቆየ በእርሱ መቀስቀሱን ትቶ በጊዜ ቆጣሪው ብቻ እንዲነቃ ይደረጋል።

፫ኛ፤ በአየር ላይ የተተወ እግር። የሚቀሰቅሰው የማይክሮኮንትሮለሩ እግር በሬዚስተር ከአንድ ወገን ጋር ካልታሰረ፣ በሽቦው ላይ በሚያርፍ ጥቂት ንዝረት ወይም እርጥበት በውሸት ይቀሰቀሳል። ረጅም ሽቦ ያለው መለኪያ በዚህ ይበልጥ ይጎዳል።

፬ኛ፤ የደከመ ባትሪ። ባትሪው ሲደክም መልእክት በሚላክበት ቅጽበት ቮልቱ ይወርዳል፤ ሰሌዳውም ይጠፋና እንደ ገና ይነሣል፤ ተነሥቶም ወዲያው ለመላክ ይሞክራል። እንዲህ እየወደቀና እየተነሣ የቀረችውን ኃይል ይጨርሳታል። ከመላኩ በፊት የራሱን ቮልት እንዲለካ፣ ያነሰ እንደ ሆነም ሳይልክ ተመልሶ እንዲተኛ ቢታዘዝ ከዚህ ይድናል። በሰሌዳው አጠገብ ኮረንቲ አጠራቅሞ በቅጽበት የሚለቅ ካፓሲተር መጨመርም ይረዳል።

ክፍል ፭፤ ተኝቶ ኮረንቲ የሚያፈስ መሣሪያ

ከሁሉ የሚበዛው ችግር በዚህ ክፍል የሚነገረው ነው። ሻጩ 10 ማይክሮ አምፔር ብሎ የሚጽፈው ስለ ማይክሮኮንትሮለሩ ብቻ ነው፤ ገዢው የሚያቆመው ግን መላውን ሰሌዳ ነው። ቁጥሩን ከሚከተሉት ጋር ማስተያየት ሌባውን ለመለየት ይረዳል።

፩ኛ፤ 5 ሚሊ አምፔርና ከዚያም በላይ ቢሆን በመጀመሪያ ሬጉሌተሩ ይጠረጠራል። በብዙ የመማሪያ ሰሌዳዎች ላይ የሚገኘው ኤ ኤም ኤስ 1117 የተባለው ሬጉሌተር ምንም ሥራ ሳይሠራ ለራሱ ብቻ 5 ሚሊ አምፔር ያህል ይወስዳል። ኤም ሲ ፒ 1700 የተባለው ግን ለራሱ የሚወስደው 2 ማይክሮ አምፔር እንኳ አይሞላም። በዚሁ ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ የሚበራው ትንሽ ቀይ መብራትና ሰሌዳውን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያነጋግረው ክፍልም ይጨመሩበታል። እንዲህ ያለው ሰሌዳ በጠረጴዛ ላይ ለመማሪያ የተሠራ ስለ ሆነ ለሜዳ አይመረጥም።

፪ኛ፤ ወደ 1.6 ሚሊ አምፔር ቢሆን ራዲዮው አልተኛም ማለት ነው። ብዙ የሎራ ሰሌዳዎች የያዙት ኤስ ኤክስ 1276 የተባለው ራዲዮ በተጠንቀቅ ቆሞ ሲጠብቅ ይህን ያህል ይወስዳል፤ ሲተኛ ግን 0.2 ማይክሮ አምፔር ይበቃዋል። ማይክሮኮንትሮለሩ ስለ ተኛ ራዲዮውም አብሮ ይተኛል ማለት አይደለም፤ ለእርሱ የተለየ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ይህች አንዲት ትእዛዝ በፕሮግራሙ ውስጥ ብትረሳ የአንድ ዓመቱ ባትሪ በ54 ቀን ያልቃል፤ በሰኔ መጀመሪያ የቆመው መሣሪያ በሐምሌ መጨረሻ ዝም ይላል ማለት ነው።

፫ኛ፤ ወደ 0.33 ሚሊ አምፔር ቢሆን የሬዚስተር ምልክት ነው። እግሩን በ3.3 ቮልት ላይ የሚያስረው ሬዚስተር 10,000 ኦም ሆኖ ማብሪያው ተዘግቶ ቢቀር በልኩ ይህን ያህል ኮረንቲ ይፈሳል። ሬዚስተሩን ወደ 1,000,000 ኦም ከፍ ማድረግ ፍሳሹን መቶ እጅ ይቀንሰዋል።

፬ኛ፤ ቁጥሩ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ቢሆን መለኪያው ራሱ ይመረመራል። የአፈር እርጥበት መለኪያ በቀጥታ በባትሪው ላይ ከታሰረ ሌትና ቀን ይሠራል። መለኪያው በሚለካበት ጊዜ ብቻ ኮረንቲ እንዲያገኝ በትራንዚስተር በኩል መታሰር አለበት። ይህም ሆኖ ወደ መለኪያው የሚሄደው የመልእክት ሽቦ በቮልት ላይ እንዳለ ከተተወ፣ በፊት ለፊቱ በር የተከለከለው ኮረንቲ በጓሮ ይገባል፤ ከእንቅልፍ በፊት ይህም ሽቦ መለቀቅ ይገባዋል።

፭ኛ፤ ቁጥሩ በበጋ ትንሽ ሆኖ በክረምት የሚጨምር ከሆነ እርጥበት ነው። ውሃ በሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ኮረንቲ ከእግር ወደ እግር ይሾልካል። ሽቦዎቹ ወደ ሳጥኑ ከታች በኩል ይግቡ፤ የሳጥኑ ክዳን ጎማ ይመርመር፤ ሰሌዳውም በመከላከያ ቀለም ይቀባ።

ባለሙያው ሁሉን ባንድ ጊዜ ለውጦ ዳነ ማለት የለበትም። አንዱን አካል ነቅሎ ይለካ፤ ቁጥሩን ይጻፍ፤ ከዚያም ወደ ሚቀጥለው ይለፍ። ቁጥሩ በድንገት የወረደበት አካል እርሱ ሌባው ነው።

ክፍል ፮፤ ተኝቶ የማይነቃ መሣሪያ

ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ መሣሪያው አንድ ጊዜ ብቻ ልኮ ዝም ቢል፣ የመቀስቀሻው ጊዜ በተሳሳተ ቁጥር ተጽፎ ይሆናል። በኢ ኤስ ፒ 32 ጊዜው የሚጻፈው በማይክሮ ሰከንድ ነው። አንድ ሰዓት 3,600,000,000 ማይክሮ ሰከንድ ሲሆን፣ ፕሮግራም ጻፊዎች በተለምዶ የሚጠቀሙበት ባለ 32 ቢት ቁጥር ግን ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም፤ ይህም 35 ደቂቃ ያህል ነው። የግማሽ ሰዓቱ ፕሮግራም በደኅና ሠርቶ የአንድ ሰዓቱ እምቢ ቢል ምክንያቱ ይህ ነው። ቁጥሩ በባለ 64 ቢት ሲጻፍ ይስተካከላል።

ከኢ ኤስ ፒ 32 በፊት የወጣው ኢ ኤስ ፒ 8266 ደግሞ ራሱን የሚያነቃው 16ኛው እግሩ ከማስነሻው እግር ጋር በሽቦ ሲያያዝ ብቻ ነው። ይህች ሽቦ ብትቀር ለዘላለም ይተኛል።

መሣሪያው ይነቃል፤ ነገር ግን ሰዓቱ ይዛነፋል የሚል ቅሬታም አለ። በውስጡ ያለው ቀላል ጊዜ ቆጣሪ በሙቀትና በብርድ ይለዋወጣል። በአንድ ሰዓት 3 ደቂቃ ብቻ ቢሳሳት በ24 ሰዓት 72 ደቂቃ ይሆናል። የጎርፍን አመጣጥ ከላይኛው የመገጭ መሣሪያ እስከ ታችኛው ለሚከታተል ሰው ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ የራሱ ክሪስታል ያለው ሰዓት ይጨመርለታል፤ ወይም ተቀባዩ መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት ራሱ እንዲጽፍ ይደረጋል።

ክፍል ፯፤ ከሹማምንት የሚጠበቅ

ከላይ የተነገረው የባለሙያ ሥራ ሲሆን፣ የሚከተለው ግን የአስተዳዳሪው ነው።

በግዢ ጊዜ፣ የማይክሮኮንትሮለሩ ሳይሆን ተገጣጥሞ ያለቀው የመላው መሣሪያ የእንቅልፍ ኮረንቲ ስንት እንደ ሆነ በውሉ ላይ እንዲጻፍ ይዘዝ። በርክክብ ጊዜም በፊቱ ይለካ። ከዚያም ወደ ሜዳ ከመሄዱ በፊት መሣሪያው 3 ቀን በጽሕፈት ቤት ይቆይ፤ በየሰዓቱ የሚልክ ከሆነ 72 መልእክት መቆጠር አለበት። በሁለተኛው ቀን ለጥቂት ሰዓት ተቀባዩ ሆን ተብሎ ይጥፋ፤ መሣሪያው በዚያን ጊዜ ተመልሶ መተኛቱ፣ ያልላከውንም በኋላ መላኩ ይታይ።

እያንዳንዱ መልእክት የባትሪውን ቮልት ይዞ እንዲመጣ ይደረግ፤ የቮልቱም አወራረድ በየሳምንቱ ይመርመር። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በሁለት ሳምንት ብዙ የወረደ ባትሪ ከመሞቱ በፊት ይታወቃል። ይህ ሁሉ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ይፈጸም፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ዋልካው መንገድ አይሰጥም።

መሣሪያው ዝም ባለ ጊዜ በአጠገቡ ያለውን ገበሬ ወይም ጠባቂውን ነካክተሃል፣ ባትሪ ለውጠሃል ብሎ ለመክሰስ አይቸኮል። ሳይለካ መክሰስ ንጹሑን ሰው ማጉደፍ ነው፤ መሣሪያውንም አያድነውም። በመጀመሪያ የእንቅልፉ ኮረንቲ ይለካ፤ መዝገቡም ይታይ፤ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይሁን።

በመጨረሻም፣ መሣሪያ ቆመ ተብሎ በወንዙ ዳር ያለው ምልክት የተጻፈበት የውሃ መለኪያ እንጨት አይነቀል፤ በጥዋትና በማታ የሚያነበውም ሰው አይሰናበት። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲጻፉ አንዱ የሌላውን ስሕተት ይገልጣል፤ በጎርፍም ቀን መሣሪያው ቢተኛ ሰው ነቅቶ ይገኛል።